ስለ ሴቶች ልጆች የኳስ ጨዋታና ስለ ትምህርት ቤት

የዓለም መንግሥታት የሚተዋወቁት በመልእክተኛና በንግድ ብቻ ሳይሆን ልጆቻቸውን በአንድ ሜዳ አሰልፈው በማጫወትም ጭምር ነው። ከነዚህም ጨዋታዎች አንዱ ሴቶች ልጆች የሚጫወቱት ኔትቦል የተባለው ነው። ስሙ በቃሉ ቢተረጐም መረብ ኳስ ይሆናል፤ ነገር ግን በአገራችን በዚህ ስም የሚጠራው ሌላ ጨዋታ ስለ ሆነ፥ እንዳይምታታ በባዕድ ስሙ መጥራት ይሻላል።

የጨዋታው ሥር ጀምስ ናይስሚዝ የተባለ መምህር በ1884 ዓ.ም. በአሜሪካ ያወጣው የቅርጫት ኳስ ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ወደ እንግሊዝ የሴቶች ትምህርት ቤት ገባና ደንቡ ተለወጠ። በየወገኑ ሰባት ሰባት ሴቶች ይሰለፋሉ፤ ለእያንዳንዲቱም የምትጫወትበት ክልል ተወስኖላታል። ኳስ ይዞ መሮጥ ክልክል ነው፤ የያዘችውም ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ ለባልንጀራዋ ልታቀብል ይገባታል። ስለዚህ አንዲት ብርቱ ብቻዋን ልታሸንፍ አይቻላትም፤ ደካማይቱም ሥራ ፈትታ አትቆምም።

በ1955 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኢስትቦርን ከተማ 11 ወገኖች ተሰብስበው የመጀመሪያውን የዓለም ውድድር አደረጉ፤ አሸናፊዋም አውስትራልያ ሆነች። ከ60 ዓመት በኋላ፥ ከሐምሌ 21 እስከ 30 ቀን 2015 ዓ.ም. ድረስ፥ ውድድሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር በኬፕታውን ተደረገ። ከተሰለፉት 16 አገሮች አውስትራልያ እንግሊዝን 61 ለ45 ረትታ ዋንጫውን ወሰደች፤ ኡጋንዳም አምስተኛ ሆነች። የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ግን በዚህ ውድድር እስካሁን አልተሰቀለም። ዋናው ምክንያት ጨዋታው የተስፋፋው በእንግሊዝ ግዛት መምህራን እጅ ስለ ሆነና ኢትዮጵያም በዚያ ግዛት ሥር ስላልነበረች ነው። ይሁን እንጂ ነጻነት ከሌላው ዘንድ መልካሙን በፈቃድ መርጦ መቀበልን አይከለክልም።

ድኽነትንም ማመካኘት አያዋጣም። ማላዊ በሀብት ከኢትዮጵያ የማትሻል አገር ስትሆን፥ በ2010 ዓ.ም. በአውስትራልያ በተደረገው የኮመንዌልዝ ውድድር የዓለምን ዋንጫ ደጋግማ ያገኘችውን ኒው ዚላንድን 57 ለ53 አሸንፋለች። የማላዊ ልጅ ሙዋይ ኩምዌንዳም በ2007 ዓ.ም. በሲድኒ በተደረገው የዓለም ውድድር ከተጫዋቾች ሁሉ በላጭ ተብላ ተመርጣለች። በአገራችንም በአርሲ በበቆጂ የትምህርት ቤት መምህር የነበሩት ሥንታየሁ እሸቱ ሩጫን ካስተማሯቸው ልጆች አንዲቱ ደራርቱ ቱሉ፥ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና የ10 ሺሕ ሜትር ወርቅ አግኝታለች። ከትንሽ ከተማ ትልቅ ሰው የሚወጣው ልጆቹን የሚሰበስብ መምህር ሲገኝ ነው።

ይህ ነገር ሉማሜን ምን ያገባታል ቢባል፥ መልሱ ቅርብ ነው። ሉማሜ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጐዳና ላይ ያለች የአዋበል ወረዳ ከተማ ናት። የኬፕታውን ውድድር ሊፈጸም ሁለት ቀን ሲቀረው፥ ሐምሌ 28 ቀን፥ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያም ወዲህ በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው እጅግ ብዙ ልጆች ከትምህርት ተለይተዋል። ከትምህርት የቀረ ወንድ ልጅ ወደ እርሻ ይሄዳል፤ ሴት ልጅ ግን፥ ሕጉ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ቢያደርገውም፥ ብዙ ጊዜ ትዳራለች። ከተዳረችም በኋላ ወደ ትምህርት መመለስ እጅግ ይከብዳታል።

በዚህ ጊዜ ስለ ኳስ መናገር ቅንጦት ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የትምህርት ቤት በር ሲከፈት ልጅን የሚጠራት ግድግዳው ብቻ አይደለም፤ ባልንጀሮቿና ደስታዋም ይጠሯታል። ለዚህ ጨዋታ የሚያስፈልገው ርዝመቱ 30 ሜትር ተኩል፥ ወርዱ 15 ሜትር ከሩብ የሆነ ድልድል ሜዳ፥ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲም ከፍታ ላይ ክብ ብረት የታሰረባቸው ሁለት ምሰሶዎችና አንድ ኳስ ነው። የወረዳ ሹማምንት ይህን ያህል ቦታ ለትምህርት ቤት ቢከልሉና ወጪውን በበጀት ቢያስገቡ ከባድ ሸክም አይሆንባቸውም።

የካህናትም ድርሻ ከዚህ አያንስም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ የሩጫን እሽቅድምድም ለመንፈሳዊ ተጋድሎ ምሳሌ አድርጎ አንሥቶታል፤ በገና ዕለትም ወንዶች ልጆች ሩር ሲመቱ አባቶች በደስታ ያያሉ። ሴቶች ልጆችም ጨዋነት ያለው ልብስ ለብሰው፥ በዓል ባልሆነ ቀን፥ ከትምህርት በኋላ ቢጫወቱ ነውር የለበትም። አባት ልጁን ለመዳር ሲያስብ የንስሐ አባቱን ያማክራልና፥ የካህኑ ቃል ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይልቅ ይሰማል።

የሉማሜ ልጅ በዓለም ውድድር ትሰለፍ ዘንድ ተስፋ ማድረግ ዛሬ ሩቅ ይመስላል። ቅርቡ ጥቅም ግን ሌላ ነው። ሰባት ሆኖ በሚሰለፍ ጨዋታ አንዲቱ ስትቀር ቦታዋ ባዶ ሆኖ ይታያል፤ ስድስቱም ወዴት ሄደች ብለው ይጠይቃሉ። መምህሩ፥ ሹሙና ካህኑ ይህን ጥያቄ ሰምተው ወደ ልጂቱ ቤት ቢሄዱ፥ የኳሱና የምሰሶው ወጪ በከንቱ አልጠፋም።