ሹመት ያዳብር! አቤቱታውን ግን ማን ይቀበል?

ሰኞ መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው አምባሳደር ታዬ አጽቀ ሥላሴን የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት አድርገው ሲሾሙ ደብረ ማርቆስ ምን አለች? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ምንም አላለች። እልልታ የለ፣ ኡኡታ የለ። ቴሌቪዥኑ በየሻይ ቤቱ ሲለፈልፍ ሰዉ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየና ወደ ስኒው ተመለሰ። ማን እንደሆኑ የጠየቀ ጠየቀ፤ መልሱን የሰማ «ይሁን» አለ። አለቀ። በቀጣዮቹ ቀናትም ወሬው የዘይት፣ የማዳበሪያና የመንገድ ወሬ ሆኖ ቀጠለ እንጂ ስለ ቤተ መንግሥቱ አዲስ ሰው ሁለት ቃል የተናገረ ሰው ማግኘት ችግር ነበር።

ይህን ዝምታ ከሩቅ ሆነው የሚተረጉሙ አልጠፉም። አንዳንዱ «ጎጃሜ አኩርፎ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሕዝቡ በፖለቲካ ሰልችቶ ግዴለሽ ሆነ» ይላል። ሁለቱም አልገባቸውም። ያኮረፈ ሰው ይሰድባል፤ ያልተሳደበ ሰው እንዴት አኮረፈ ይባላል? ግዴለሽ የሆነ ደግሞ ሌት ተቀን ጆሮውን ሬዲዮ ላይ አይለጥፍም። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቆርጦበት በነበረ ጊዜ እንኳ ዜና ሳይሰማ ያላደረ ሕዝብ ነው።

ነገሩ ሌላ ነው። የማርቆስ ሰው ሹመት ምን እንደሆነ ያውቃል። በ1873 ዓ.ም. ከአፄ ዮሐንስ እጅ የንግሥና ዘውድ የተቀበሉት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መናገሻ የነበረች ከተማ ስለ ሹመት ከማንም አትማርም። መንቆረር ከተባለችበት ዘመን ጀምሮ ስንቱ ሹም መጥቶ ስንቱ ሄዷል! እናም አዲስ ሹም በመጣ ቁጥር ሕዝቡ በሆዱ የሚጠይቀው ጥያቄ የሰውየውን ስም ወይም የተማረበትን ዩኒቨርሲቲ አይደለም። ጥያቄው «አቤት ብንለው ይሰማል ወይ? ቢሰማስ ማዘዝ ይችላል ወይ?» የሚል ነው። ትውልድ ቆጥረው «እሳቸውማ የኛው ናቸው» ያሉ ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ እነሱም ቢሆኑ ከዚህ ጥያቄ አላመለጡም።

ለዚህ የ1960 ዓ.ም.ን ነገር ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ዘመን የእርሻ ገቢ ግብር የሚባል አዋጅ ወጣ። የጎጃም ገበሬ «ዛሬ እህሌን ቆጥረው ነገ መሬቴን ሊለኩ፣ ከነገ ወዲያ ርስቴን ሊነጥቁ ነው» ብሎ ጠረጠረ። ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ነበሩ። ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት «አንገብርም» ብለው ተነሡ። ጦር ተላከ፤ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ግን አፄ ኃይለ ሥላሴ ገዥውን አንሥተው ደጃዝማች ደረጀ መኮንንን ሾሙ፤ የተጠራቀመውንም ውዝፍ ግብር ማሩ።

ይህን ስንል የዘውዱ ዘመን ናፍቆን እንዳይመስላችሁ! «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባለ የኖረ፣ ቦምብም የወረደበት የዚሁ አገር ገበሬ ነው። ነገር ግን አቤቱታው አድራሻ ነበረው። ገዥው ቢበድለው ከገዥው በላይ ጆሮ ያለው፣ ከጆሮውም ጋር እጅ ያለው ሰው እንዳለ ያውቅ ነበር። የገዥው መነሣት የመጀመሪያው ወሬ ሲሰማ በየመንደሩ ሰው የሆነው ነገር ነበር፤ ተሹሞ የሚመጣው ሰው ሊያደርግ የሚችለው ነገር ነበረና።

ዛሬስ? ሕገ መንግሥቱን እንግለጠው። አንቀጽ 69 ፕሬዚዳንቱ ርዕሰ ብሔር ነው ይላል። ሲነበብ ደስ ይላል! አንቀጽ 71 ላይ ግን ሥራው ይዘረዘራል፤ የሁለቱን ምክር ቤቶች ዓመታዊ ስብሰባ ይከፍታል፣ ሕጎችን በነጋሪት ጋዜጣ ያውጃል፣ አምባሳደር ይልካል፣ የውጭ አምባሳደሮችን ሹመት ደብዳቤ ይቀበላል፣ ኒሻን ይሸልማል፣ የጄኔራልነት ማዕረግ ይሰጣል፣ ይቅርታ ያደርጋል። አምባሳደሩንም ማዕረጉንም የሚሰጠው በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት ነው። ሕግ አልፈርምም ቢል እንኳ በአንቀጽ 57 መሠረት አሥራ አምስት ቀን ሲያልፍ ሕጉ ያለ እሱ ፊርማ ይጸድቃል። የሥራ አስፈጻሚው ሥልጣን፣ ጦሩም ጭምር፣ ከአንቀጽ 72 ጀምሮ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። እንግዲህ የማርቆስ ሰው ይህን ሁሉ አንቀጽ በቁጥር ላያውቀው ይችላል። ውጤቱን ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሮበታል። ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም የሚለው ወዶ አይደለም።

መጀመሪያ የመጡት ዶ/ር ነጋሶ ጊዳዳ ነበሩ። ነሐሴ 16 ቀን 1987 ዓ.ም. ሲሾሙ ብዙው ሰው «ወንበር እንጂ ሥልጣን የሌለው» ብሎ አለፋቸው። እሳቸው ግን በ1993 ዓ.ም. ሕወሓት ለሁለት ሲሰነጠቅ የመሰላቸውን በግልጽ ተናገሩና ከድርጅታቸው ከኦሕዴድ ጋር ተለያዩ። ከዚያስ? ለተሰናበተ ፕሬዚዳንት የሚደረገውን የሚወስን አዋጅ ወጣ፤ ከፖለቲካ ፓርቲ ገለልተኛ ሁን የሚል ገደብም ተጨመረበት። ዶ/ር ነጋሶ በ1997ቱ ምርጫ በግላቸው ተወዳድረው ደምቢዶሎ ላይ አሸንፈው ፓርላማ ሲገቡ ጥቅማ ጥቅማቸው ተቋረጠ። የአገር ርዕሰ ብሔር የነበረ ሰው በታክሲ ሲጋፋ አዲስ አበባ አየች። መልእክቱ ደግሞ ለእሳቸው ብቻ አልነበረም። ከእሳቸው በኋላ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ሳያነበው አልቀረም።

መቶ አለቃ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ መስከረም 28 ቀን 1994 ዓ.ም. ሲመጡ ሰዉ «ኧረ ማን ናቸው?» አለ። አሥራ ሁለት ዓመት ተቀመጡ። አንድ ነገር እናንሣላቸው፤ ሐምሌ 13 ቀን 1999 ዓ.ም. የቅንጅት መሪዎች ከቃሊቲ የወጡት በእሳቸው ፊርማ ነው። ቅንጅት ብሎ ጣቱን ያወጣው ጎጃም ያን ቀን ተደስቷል። ይቅርታው በስተጀርባ በማን እንደተሠራ የሚያውቅ ያውቃል፤ ቢሆንም ፊርማው ፊርማ ነው። ዶ/ር ሙላቱ ተሾመ ደግሞ መስከረም 27 ቀን 2006 ዓ.ም. መጡ፤ በ2011 ሄዱ። ስለ እሳቸው የሚነሣ ነገር ፈልገን ብዙም አላገኘንም።

ልብ የነካችው አምባሳደር ሣህለወርቅ ዘውዴ ናት፤ ይቅርታ፣ ናቸው። ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሲሆኑ በእርግጥ እልል ተባለ። ከሚኒስትሮቹ ግማሾቹ ሴቶች የሆኑበት ወር ነበር። ስለ ሰላም ተናገሩ፤ ሰላም ሲጠፋ ቀድማ የምትጎዳው ሴት ናት አሉ። በየትምህርት ቤቱ ያሉ ልጃገረዶች ስማቸውን ያዙ። እኛም ደስ ብሎን ነበር፤ መደሰታችን ስህተት አልነበረም። ነገር ግን ያ ሁሉ የመጀመሪያ ሰሞን እልልታ ወንበሩ ላይ አንዲት አንቀጽ አልጨመረለትም። በ2013 ሰሜኑ ነደደ። በ2015 ጎጃም ነደደ። ሰላም ሲጠፋ ቀድማ የምትጎዳዋ ሴት በየቤቱ ስታለቅስ ከብሔራዊ ቤተ መንግሥት የሚሰማ ነገር ጠፋ። ከዚያ ሊሰናበቱ ሲሉ የማሕሙድ አሕመድን ስለ ዝምታ የተዘፈነ ዘፈን ጠቅሰው፣ ለአንድ ዓመት እንደሞከሩት የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ በማኅበራዊ ገጻቸው አወጡ። አገር ሁሉ ተንጫጫ። ከፊሉ አዘነላቸው፤ ከፊሉ «አሁን ነው ወይ?» ብሎ ተቆጣ።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። እሳቸውን የቆጫቸው አለመብላት አልነበረም፤ አለመናገር ነው። እኛ ከተቆጡት ወገን ነን። ዶ/ር ነጋሶ ጥቅማቸውን አጥተው ተናግረዋል፤ ስለዚህ መናገር አይቻልም ነበር የሚለውን አንቀበልም። ከባድ ነበር ቢባል እሺ።

በዚህ ላይ ነው አምባሳደር ታዬ የመጡት። ከመምጣታቸው በፊት ጎጃም ምን ላይ ነበረች? ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ አሥር ወር ቆየ። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ፍኖተ ሰላም ላይ ከአየር በተጣለ ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች አለቁ። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. መራዊ ላይ ቢያንስ 45 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ ተናገረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቀቀና ብዙም ሳይቆይ ዶላር ከመቶ ብር በላይ ሆነ፤ ገበሬው የሚገዛው ሁሉ አብሮ ጋለበ። ከዚያ መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም. በአማራ ክልል የጅምላ እስር ተጀመረ፤ መምህሩ፣ ዳኛው፣ ዐቃቤ ሕጉ ተለቅሞ ገባ፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናልም አወገዘው። ፕሬዚዳንቱ የተሾሙት ይህ በሆነ በዘጠነኛው ቀን ነው።

ቃለ መሐላ ፈጸሙና በዚያው ዕለት የዓመቱን የመክፈቻ ንግግር አነበቡ። ሲሾሙና ሲያነቡ በአንድ ቀን! ንግግሩን ማን እንደጻፈው እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ። ኢኮኖሚው በዓመቱ 8.4 በመቶ ያድጋል ተባለ። ያንን ቁጥር የማርቆስ ሰው ሰማው። ቤቱ ውስጥ ፈልጎ ያጣው እሱን ቁጥር ነው።

በኢትዮጵያ የመስከረም ወር ሁለት በር ይከፈትበታል፤ የምክር ቤትና የትምህርት ቤት። በዚያ መስከረም የምክር ቤቱ በር ተከፈተ። በአማራ ክልል ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች እንደተዘጉ ነበሩ። ደብተር ሳይገዛ መስከረምን ላለፈ ቤተሰብ የፓርላማው ሰልፍና የክብር ዘብ ምን ይነግረዋል? ሻይ ቤት ውስጥ የነበረው ዝምታ ይህ ነው። ግዴለሽነት አይደለም፤ ሒሳብ ነው።

«ይቅርታ ማድረግስ ይችሉ የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ይችላሉ፤ እሱም ቢሆን ልኩ ይታወቅ። በ2006 የወጣው አዋጅ ቁጥር 840 እንደሚለው ይቅርታ የሚደረገው ፍርድ ቤት የመጨረሻ ፍርድ ለሰጠበት ሰው ነው። ተከሶ ያልተፈረደበት፣ ከናካቴው ሳይከሰስ ካምፕ ውስጥ የተቀመጠ ሰው የፕሬዚዳንቱ እስክርቢቶ አይደርስበትም። ጉድ ነው! ወንጀለኛ ብትሆን ኖሮ ይቅር ይሉህ ነበር፤ ምንም ያልተባልክ እንደሆንክ ግን የሚምርህ የለም።

ታዲያ ምን ቀራቸው? አንደበት። ሥልጣን የሌለው ርዕሰ ብሔር በእኛ አገር ብቻ ያለ አይደለም፤ ጣሊያን፣ ጀርመን፣ ህንድም አላቸው። በጣሊያን በፈረንጆች ኅዳር 1980 ደቡቡን የመሬት መንቀጥቀጥ መትቶ ሺዎች ሲያልቁ ፕሬዚዳንት ሳንድሮ ፔርቲኒ ቦታው ድረስ ሄደው አዩ፤ ተመልሰውም በቴሌቪዥን ቀርበው እርዳታው ለምን ዘገየ ብለው የራሳቸውን አገር መንግሥት በሕዝብ ፊት ወቀሱ። እሳቸውም እንደኛዎቹ ጦር የማያዙ፣ በጀት የማይመድቡ ነበሩ። ጣሊያኖች ግን እስካሁን ድረስ ያነሷቸዋል።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም ፕሬዚዳንቱ ዝም ይበል የሚል አንቀጽ የለውም። ብንፈልግም አላገኘንም። ዝምታው የልማድ ነው፤ የመጣውም በዶ/ር ነጋሶ ላይ ከደረሰው በኋላ ነው። የአምባሳደር ታዬ የሥራ ዘመን ስድስት ዓመት በመሆኑ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ሲቆጠር እስከ 2023 ዓ.ም. ይዘልቃል። በየዓመቱ በመስከረም የመጨረሻው ሳምንት ሰኞ ምክር ቤቱ ፊት ቆሞ አገሩ ሁሉ እያየው መናገር የእሳቸው ተራ ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ቁጭ ብለው የሚያዳምጡበት ቀን ነው። ከዕድገቱ መቶኛ ጎን ሁለት ቁጥር ይጨመር፤ በአማራ ክልል ያለ ክስ የታሰረው ሰው ስንት ነው? በሩ ያልተከፈተው ትምህርት ቤትስ ስንት ነው? ረቂቁን የሚያዘጋጁት ሰዎች እነዚህን ቁጥሮች ካልሰጧቸው፣ አልተሰጠኝም ብለው ከዚያው መድረክ ላይ ይናገሩ።