አንበሳ ግቢ፦ ያሰርነው እንስሳ አማና ነው

በዒድ ማግስት ልጆቻችንን ይዘን ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ የሄድን ብዙዎች ነን። የተኛው አንበሳ እንዲያገሳ ጠጠር የሚወረውር ጎብኚም አይተን ዝም ብለን አልፈናል። ዛሬ ግን ዝም የምንልበት ምክንያት የለም።

ግቢው የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1948 በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። በ2012 ይፋ የሆነ ጥናት በግቢው የነበሩ 15 አንበሶችን መርምሮ፣ በዘር ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አመልክቷል። ቢጠፉ ከሌላ አገር አምጥተን የምንተካቸው አይደሉም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ በ2006 የግቢው አስተዳደር ራሱ ለዓለም አቀፍ መገናኛ ብዙኃን ያመነው ነገር አሳዛኝ ነበር። በቦታና በገንዘብ እጥረት ምክንያት ደቦሎች በመርዝ ይገደሉ፣ ሬሳቸውም ቆዳውን አድርቀው ለጌጥ ለሚሸጡ ነጋዴዎች ይሰጥ ነበር። እጥረቱን እንረዳለን። ነገር ግን ማሳደጊያ ቦታ ከሌለ ወንዱን ከሴቷ መለየት ይቻላል። አስወልዶ መግደል የድህነት ሳይሆን የዕቅድ ማጣት ውጤት ነው።

በ2013 ደግሞ ጉዳቱ ወደ ሰው ዞረ። አንድ የግቢው አንጋፋ ሠራተኛ የአንበሳውን ማደሪያ ሲያጸዱ፣ የውስጠኛው በር ሳይዘጋ በመቅረቱ አንበሳው ገድሏቸዋል። «ረስተው ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ሰው ግን ይረሳል። አንድ ሰው አንድ መቀርቀሪያ ስለረሳ ሕይወት የሚጠፋ ከሆነ፣ ጥፋቱ የአሠራሩ ነው። ሁለተኛ ሰው መዘጋቱን ሳያረጋግጥ ማንም ወደ ውስጥ መግባት የለበትም።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ድመት አስራ በረሃብ ስለገደለች ሴት የነገሩንን ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሴትዮዋ አላበላቻትም፤ ራሷ ፈልጋ እንድትበላም አለቀቀቻትም። ነጥቡ እዚህ ላይ ነው፤ ያሰረ ሰው የታሰረውን ሙሉ ኃላፊነት ይወስዳል። በከተማ ደረጃ ያሳሪው ደግሞ የመግቢያ ትኬት የምንቆርጠው ሁላችንም ነን።

በ2019 የተከፈተው የአንድነት ፓርክም አንበሶችን ይዟል። አዳዲስ ፓርኮች ሲከፈቱ ስለ ውበታቸው ብቻ ሳይሆን ስለ ሐኪማቸው፣ ስለ በሮቻቸው፣ ስለ ሠራተኞቻቸው ደህንነትም እንጠይቅ። ለመጪው ዒድ ስንሄድም ከልጆቻችን እጅ ጠጠሩን እናስጥል።