ሚዛን ላይ ማደር ወይስ መዋል?

በደቡብ ምዕራብ የጉዞ መርሐ ግብሮች ውስጥ ለሚዛን ተፈሪ ብዙ ጊዜ የምትደርሳት አንዲት ቃል ናት፤ «አዳር» የምትል። መንገደኛው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ጅማንና ቦንጋን አልፎ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሲመሽ ይገባል። ሲነጋ ወደ ኪቢሽ፣ ወደ ሱሪዎች አገር ይገሠግሣል። በመካከል ያለው የቡና አገር በመኪና መስኮት ያልፋል። እኔ በዚህች አጭር ጽሑፍ የምሟገተው ለዚያ በመስኮት ለሚያልፈው አገር ነው። ሚዛን ወይም ቴፒ የደረሰ እንግዳ ከመርሐ ግብሩ አንድ ቀን ይቁረስ፤ ያንንም ቀን ራሱ ከአገሬው ሰው ጋር ተነጋግሮ ያሰናዳው እላለሁ።

ጥያቄው በእኛ አገር ብቻ የሚነሣ አይደለም። በካሪቢያን ባሕር የሚዞሩት ታላላቅ የመዝናኛ መርከቦች እንደ ኮዙሜል ባሉ ደሴቶች ለጥቂት ሰዓታት ይቆማሉ። መርከቡ ለመንገደኞቹ የራሱን የጠለቃ ጉብኝት ይሸጣል። የአየር ታንክ ተሸክሞ ባሕር ውስጥ መጥለቅ የለመደ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ይሸሻል፤ ከደሴቲቱ ባለጀልባ ጋር አስቀድሞ ተጻጽፎ ለብቻው ይወርዳል። ከብዙ ሰው ጋር ከመጋፋት ይድናል፤ የሚመራው ያንን ውኃ በየቀኑ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ገንዘቡም በቀጥታ ለባለጀልባው ይደርሳል። ለዚህ ነፃነት የሚከፍለው ዋጋ ግን አለ። መርከቡ በራሱ ጉብኝት የወጡት ቢዘገዩ ይጠብቃቸዋል፤ ለብቻው የወጣውን ጥሎት ይሄዳል። የመርከቡ ሰዓትና የደሴቲቱ ሰዓት የሚለያዩበት ጊዜም አለና ብልህ ጠላቂ ሁለቱንም ሰዓት ይዞ ይወርዳል።

እኛም ዘንድ ነገሩ ያው ነው፤ ባሕራችን ጫካ ነው። ዩኔስኮ የከፋን ደን እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሸካን ደን ደግሞ በ2012 በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ አስፍሯቸዋል። ከላይ ቀረሮውና ዋንዛው ሰማዩን ይዘዋል፤ ከሥራቸው ቡናው በጥላ ይኖራል፤ ከቡናው ሥር ኮረሪማው፣ ጥምዙ አለ፤ ከፍ ካለው ቅርንጫፍ ላይ የማር ቀፎ ተሰቅሏል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚከንፍ መኪና ይህ ሁሉ አንድ አረንጓዴ ግድግዳ ነው። በእግሩ ለገባ ሰው ግን እያንዳንዱ ባለቤትና ስም አለው።

ስሙ ደግሞ ሩቅ ተጉዟል። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከዚህ አካባቢ ጫካ የተለቀመ የቡና ዘር በኬንያና በታንጋኒካ በኩል አድርጎ በ1953 ኮስታ ሪካ ደረሰ፤ ከዚያም ፓናማ ገባ። በ2004 «ጌሻ» በተባለ ስሙ የፓናማን የቡና ውድድር አሸንፎ ዓለምን አስደነቀ። ያ ስም የመጣው ከእኛው ጌሻ ነው። የካሪቢያን ባሕር የሚያጥባት የፓናማ እንግዳ ስለዚህ ቡና በኩራት ሲነገረው፣ የቡናው አገር እንግዳ ግን ሚዛን ላይ ተኝቶ ይነሣል። ይህ ያስቆጫል።

«ታዲያ የጉዞ ወኪሉ ራሱ አንድ ቀን ቢጨምር ምን አለበት?» ይባል ይሆናል። ቢጨምር ደግ ነው። ነገር ግን አዲስ አበባ ላይ የታሰበ ጉብኝት አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው ትልቁን በር ነው፤ ከሚዛን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደ 10 ሺህ ሄክታር የሚሸፍነውን የበበቃን የቡና እርሻ። በበቃ ሊታይ የሚገባው ነው፤ ቀድሞ የመንግሥት የነበረ፣ ኋላ ወደ ግል ይዞታ የዞረ ሥፍራ በመሆኑ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠየቃል። ሆኖም የአነስተኛውን ገበሬ ጓሮ፣ የቴፒን የበርበሬና የእርድ ማሳ፣ ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ጨሞ የሚያሳየው ሌላ ሰው ነው። «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ያሉት አባቶች ለዚህም ሳይሆን አልቀረም።

በዚያ አገር ደግሞ ይህን ሊያደርግ የሚችል ወጣት አለ። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ከተቋቋመ ዓመታት አልፈዋል፤ ጫካውን ከአያቱ፣ መጽሐፉን ከመምህሩ የተማረ ትውልድ አድጓል። የአንድ ቀን ክፍያ ለእርሱ ሲደርሰው ዛፉ ቆሞ የሚያበላ መሆኑን ያያል። ቆሞ የሚያበላን ዛፍ ደግሞ ማንም ለመቁረጥ አይቸኩልም። የጫካው ዕድል በዚህ ብቻ ይወሰናል አልልም፤ ነገር ግን ምንም ሳያገኝ ጫካውን እንዲጠብቅ የሚመከር ሰው ምክሩን እስከ መቼ እንደሚሰማ እጠይቃለሁ።

የተቃዋሚዎቼን ክርክር አቃልዬ አላየውም። ወኪሉ መኪና ቢሰበር ሌላ ይልካል፤ እንግዳው ቢታመም ኃላፊነት አለበት። ለብቻ የወጣ ሰው እግሩ ቢወለም ማን ይጠየቃል? መንገድ ላይ እጅ የሚጎትት ደላላስ? እውነት ነው። ስለዚህ ለብቻ ማሰናዳት ያለ ሥርዓት መውጣት ማለት እንዳይሆን አንዳንድ ነገር ልበል።

አስጎብኚውን በመንገድ ላይ ከመልቀም በዞኑ የባህልና የቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በኩል፣ ወይም ከአገሬው የታወቀ ሰው ጠይቆ ማግኘት ይሻላል። የመንገዱንም ደኅንነት ከዚያው መጠየቅ ነው። ዋጋው፣ የሚታየው ቦታና የመመለሻው ሰዓት በዋዜማው ምሽት ይለይ፤ ጠዋት መከራከር ሁለቱንም ያዋርዳል። ሰዓት ሲነገር በማን አቆጣጠር እንደሆነ ይጠራ፤ የእኛ የጠዋት ሁለት ሰዓት ለውጭ አገር ሰው ስምንት ነውና በዚህ ልዩነት ብቻ ቀን ሊባክን ይችላል። ዝናቡ ዓመቱን በአብዛኛው የማይለየው አገር ስለሆነ የጫካው መንገድ ለጠዋት ይሰጥ። ለቀም በሆነበት ወቅት የገበሬው ሥራ ይከበር፤ ማሳው የእርሱ መደብር ነው፤ ሳይፈቀድ አይገባም፤ ፊቱም ሳይፈቅድ ፎቶግራፍ አይነሣም። ቡና ከተፈላ ደግሞ አቦሉን ጠጥቶ መነሣት ነውር ነው። እስከ በረካ ለመቀመጥ ጊዜ የሌለው ሰው ቀድሞውኑ ቀኑን አላሰናዳም።

ይህን የምለው ለውጭ አገር እንግዳ ብቻ እንዳይመስልህ፣ ወዳጄ። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም. ተመሥርቶ ሚዛን አማንና ቴፒ ከመቀመጫዎቹ መካከል ከሆኑ ወዲህ፣ ለስብሰባና ለሥልጠና ወደዚያ የሚወርደው የእኛው ሰው ጥቂት አይደለም። እርሱም አዳራሽ ውሎ፣ ሆቴል አድሮ ይመለሳል። በየቀኑ ሦስት ሲኒ የሚጠጣውን ቡና ግን በዛፉ ላይ አላየውም። እኛ ሥነ ጽሑፍ ወዳዶች የመጽሐፍ ጀርባ አንብቦ ስለ መጽሐፉ በሚያወራ ሰው እንስቃለን። ስለ አገር ስናወራ ግን ስንቶቻችን ከጀርባው አልፈናል?

ሚዛን አዳር ትሰጣለች፤ አልጋዋም መልካም ነው። እኔ የምለምነው ለውሎዋ ነው። መኪናው ሊጠብቅ ይችላል፤ ካልጠበቀም የሕዝብ ማመላለሻው በነጋታው ማለዳ ይነሣል። ከመርከብ ጠላቂው የምንለየውና የምንታደለው በዚህ ነው፤ እኛን የሚጥል መርከብ የለም፤ የምንቸኩለው ራሳችን ነን።