አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

አባቶቻችን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ብለው የተረቱት ለነጋዴ ብቻ አይደለም። አህያው እያጠፋ ዳውላው የሚደበደብበት ቤት በየመንደሩ ስላለ ነው እንጂ። ባልና ሚስት ይኳረፋሉ፤ አንዱ ሌላውን ፊት ለፊት ሊናገረው ይፈራል ወይም ያፍራል፤ ዱላውም ስድቡም በመካከላቸው በቆመው ልጅ ላይ ያርፋል። ልጁ ሲታመም፥ ትምህርት ሲጠላ፥ ከሰው ሲሸሽ ደግሞ «የዚህ ቤት መከራ እርሱ ነው» ይባላል። እኔ በዚህች ጽሑፍ የምዋጋው ይህን አንድ አነጋገር ነው። ሐሰት ነውና፤ ሐሰት ብቻም ሳይሆን ጭካኔ ነውና።

አሳቤን ለማስረዳት በኩየራ አንድ ቤት አለ ብለን እናስብ። ኩየራ ከሻሸመኔ ወደ አርሲ ነገሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፥ በአድቬንቲስት ኮሌጇና በሆስፒታሏ የታወቀች፥ መጽሐፍ ያነበበ ሰው የማይጠፋባት ከተማ ናት፤ ስለዚህ የትምህርት እጦትን ሰበብ ማድረግ አይቻልም። አባት የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ እናት ድንችና ጎመን ትቸረችራለች። የአሥራ አምስት ዓመት ሴት ልጅ አለቻቸው። ይህች ልጅ ራሷን እየሳተች ትወድቃለች። ሐኪም ደኅና አድርጎ መርምሮ በሰውነቷ ላይ ደዌ አላገኘባትም። ከጎረቤት አንዱ «ቡዳ ነው» ይላል፤ ሁለተኛው «መንፈስ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው «ትምህርት ጠልታ ነው፥ ትገረፍ» ይላል። «ለመሆኑ የምትወድቀው መቼ ነው?» ብሎ የጠየቀ ግን አንድም ሰው የለም።

ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ መልሱ ቅርብ ነበር። የምትወድቀው አባቷ «ከእንግዲህ በዚህ ቤት አላድርም» ብሎ ካፖርቱን ባነሣበት ምሽት ነው። ስትወድቅ ጠቡ ይቆማል። አባት ከደጅ ተመልሶ ይደግፋታል፤ እናት ውሃ ታመጣለች፤ ሁለቱ ለአንድ ሰዓት ያህል እንደ ቀድሞው ባልና ሚስት ይሆናሉ። ልጅቱ አታስመስልም፤ አስባበትም አታደርገውም። አፍ ሊናገረው ያልቻለውን ነገር ሰውነቷ ተናገረው እንጂ። እንግዲህ ይህችን ልጅ የሚገርፍ ሰው ምን እየገረፈ እንደ ሆነ ያውቃልን?

ይህን ነገር የሥነ ልቡና ሊቃውንት በብዙ ድካም መርምረውታል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ቦወን የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ከ1954 ጀምሮ በዋሽንግተን አጠገብ በሚገኝ የመንግሥት የምርምር ሆስፒታል፥ በመጀመሪያ እናቶችን ከታመሙ ልጆቻቸው ጋራ፥ ቆይቶም መላውን ቤተ ሰብ አስተኝቶ ኑሯቸውን ተመለከተ። ከዚያም አሳቡን ሲያሰፋ፥ በሁለት ሰዎች መካከል ጭንቀት ሲበረታ ሁለቱ ሦስተኛ ሰው ስበው ያስገባሉ አለ፤ ይህንንም ሦስት ማዕዘን ብሎ ጠራው። የኩየራይቱ ልጅ የቆመችው በዚህ ማዕዘን ጫፍ ላይ ነው።

በአርጀንቲና የተወለደው ሚኑቺን ደግሞ በኒው ዮርክ ከድኻ ሰፈር ልጆችና ከወላጆቻቸው ጋራ ሠርቶ፥ በ1967 ከባልደረቦቹ ጋራ መጽሐፍ አሳተመ። የእርሱ ትምህርት ለገበሬ ልጅ አይከብድም። ቤት እንደ እርሻ ድንበር አለው። የባልና የሚስት ድርሻ አለ፤ የልጆችም ድርሻ አለ። ድንበሩ ሲጠፋ ልጅ የእናቱ አማካሪ፥ የአባቱ ሰላይ፥ የታናናሾቹ አባት ይሆናል፤ ድንበሩ እንደ ግንብ ሲጠነክር ደግሞ በአንድ ጣራ ሥር እየኖሩ አንዱ የሌላውን ልቅሶ አይሰማም። ቤትሰን የተባለውም ከጓደኞቹ ጋራ በ1956 ድርብ ማሰሪያ የተባለውን አሳብ አወጣ። አባት ልጁን «እንደ ወንድ ራስህን ቻል» ይለዋል፤ ልጁ አንድ ነገር በራሱ ሲቈርጥ «ማን አስፈቀደህ?» ብሎ ይቈጣዋል። ቢታዘዝም ጥፋተኛ፥ ባይታዘዝም ጥፋተኛ ነው፤ «አባዬ፥ የቱን ልያዝ?» ብሎ መጠየቅም ነውር ነው፤ ቤቱንም ጥሎ መሄድ አይችልም። እንዲህ የታሰረ ልጅ ቢያብድ ሳይሆን ባያብድ ይደንቃል የሚያሰኝ ነው።

ነገር ግን ወጣቶች ሆይ፥ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ዱላውን ከልጁ ላይ አንሥተን በእናቱ ጀርባ ላይ ልናሳርፈው አይደለም። ይህ ስሕተት በሊቃውንቱ ዘንድም ተፈጽሟል። ፍሮም ራይክማን የተባለች ዕውቅ ሐኪም በ1948 ስለ እብደት አምጪ እናት ጻፈች፤ ከዚያ በኋላ በብዙ አገር ልጁ በስኪዞፍሬንያ የታመመባት እናት ከኀዘኗ በላይ ኩነኔ ተጫነባት። የድርብ ማሰሪያውም አሳብ ቢሆን የዚያ ሕመም ምክንያት መሆኑ አልተረጋገጠም። ዛሬ የሚታወቀው ይህ ሕመም በዘር ውርስና በአእምሮ አሠራር ላይ ብዙ ሥር እንዳለው ነው። ስለዚህ ሁለት ገጽ ሥነ ልቡና አንብቦ «ያሳበዳችሁኝ እናንተ ናችሁ» እያለ በወላጆቹ ላይ የሚነሣ ወጣት፥ እርሱም በተራው ዳውላ ደብዳቢ ነው።

ታዲያ ቤት ለሕመም ምክንያቱ ካልሆነ ምን አገባው የሚል ይኖራል። እጅግ ያገባዋል። በ1972 ብራውንና ባልደረቦቹ በለንደን ከሆስፒታል ወጥተው ወደየቤታቸው የተመለሱ የስኪዞፍሬንያ ሕመምተኞችን ለዘጠኝ ወር ተከታተሉ። ነቀፋ፥ ጥላቻ ወይም ከልክ ያለፈ መጨነቅ በበዛበት ቤት ሕመሙ ከመቶ 58ቱ ላይ ሲያገረሽ፥ በረጋው ቤት ግን ያገረሸው ከመቶ 16ቱ ላይ ነው። ቤት እሳቱን አላነደደውም፤ ነገር ግን ማራገብም ማዳፈንም ይችላል ማለት ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በቡታጅራ ከ1998 ጀምሮ ከ68 ሺህ በላይ አዋቂዎች ቤት ለቤት እየተጠየቁ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሲለዩ፥ በስኪዞፍሬንያ ከሚሠቃዩት አብዛኞቹ አንድም ቀን ሕክምና ያላገኙ ነበሩ። በጉራጌ ምድር በሶዶ ደግሞ ሐኪም ያልሆኑ፥ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ወደ ሕመምተኛው ቤት እየሄዱ ቤተ ሰቡን አስተማሩ፤ ጎረቤቱንም አነጋገሩ። በ2022 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፥ ይህ ከጤና ጣቢያው ሕክምና ጋራ ተጨምሮ የተደረገላቸው ሰዎች ከዓመት በኋላ ሥራቸውንና ኑሯቸውን ለመምራት ይበልጥ ቻሉ። እንግዲህ «ይህ የፈረንጅ ወሬ ነው» ማለት አይቻልም። በሰንሰለት ማሰርም «ምን እናድርግ፥ ሌላ መላ የለም» ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም። ጸሎቱንም ጠበሉንም የሚከለክል የለም፤ የሚከለከለው ሰንሰለቱ ነው።

አንዳንድ ሰዎች «እኛ ሽምግልና አለን፤ የቤተ ሰብ ሐኪም ለምን ያስፈልገናል?» ይላሉ። ሽምግልናን አከብራለሁ። ሆኖም ሽማግሌ የሚጠይቀው «ማን በደለ? ካሣው ስንት ነው?» እያለ ነው፤ ይህም ለፍርድ ይጠቅማል። የቤተ ሰብ ሐኪም ግን «ጠቡ እንዴት ይጀምራል? ማን ዝም ይላል? ማን ይታመማል?» ብሎ ይጠይቃል። በሽምግልናው ምንጣፍ ላይ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ቦታ የላትም፤ በሐኪሙ ዘንድ ግን ከአባቷ እኩል ወንበር ይሰጣታል። ታላቁ ልዩነት ይህ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ሊቃውንቱ ከአርሲ እናቶች ሊማሩት የሚገባ ነገር አለ። «ጠብ የሁለት ሰው ነው፤ ሁሉም ድርሻ አለው» የሚለው የቤተ ሰብ ሕክምና አሳብ አንዳንድ ጊዜ የተደበደበችውን ሚስት ከደብዳቢዋ ጋራ እኩል ተጠያቂ አድርጓል፤ ይህንም ሴቶች የሆኑ ሊቃውንት አጥብቀው ነቅፈውታል። የአርሲ ሴት በሠርጓ ከእናቷ የምትቀበለው ሲንቄ የተባለ ቀጭን በትር አለ። ባል ወሰን አልፎ ሲበድላት ሲንቄዋን ይዛ ትጮኻለች፤ የሰሙትም ሴቶች የየራሳቸውን ሲንቄ ይዘው ይወጣሉ፤ ወንዱ ጥፋቱን አምኖ እስኪክስ ድረስ አይመለሱም። እነዚህ እናቶች «አንቺስ ምን ብለሽው ነው?» አይሏትም። ዱላ ባለበት ቤት አስቀድሞ ዱላው ይቁም፤ ስለ ድርሻ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው።

የመጨረሻው መከራከሪያ ገበና የሚባለው ነው። «የቤታችንን ጉድ ለባዕድ አናወጣም» ይላሉ። ነገር ግን ልጅቱ በትምህርት ቤት ደጃፍ ስትወድቅ ገበናው ወጥቶ የለምን? ከተማው ሁሉ እያየው የሚደበቀው ከማን ነው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ምሥጢር ጠባቂ ሐኪም ዘንድ መናገር ገበናን መጣል አይደለም፤ መሸፈን ነው።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ? ቦወን ራስን መለየት ያለው ነገር አለ። ይህም ከቤት መኮብለል ወይም ወላጅን መናቅ አይደለም፤ እየወደዱና እያከበሩ በሁለት ሰዎች ጠብ ውስጥ ሦስተኛ ሆኖ ያለ መግባት ነው። እናትህ «ለአባትህ እንዲህ በልልኝ» ስትልህ፥ ሳትቈጣ «እማዬ፥ አንቺው ንገሪው» በላት። አባትሽ የእናትሽን ጥፋት ሲቈጥርልሽ «አባዬ፥ ሁለታችሁንም እወዳለሁ፤ ዳኛ ግን አታድርገኝ» በዪው። ታናሽ ወንድማችሁ «የቤቱ መከራ» ሲባል ዝም አትበሉ። ይህን መናገር ዱላ የሚያስከትልበት ቤት ከሆነ ግን ብቻችሁን አትጋፈጡ፤ ለአክስት፥ ለመምህር፥ ለጤና ጣቢያ ሠራተኛ ንገሩ።

ነገ እናንተም ቤት ትሠራላችሁ። በዚያ ቤት አንድ ልጅ ሲታመም «ይህ ልጅ ምን ሆነ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉት፤ «እኛስ ምን ሆነናል?» ብላችሁ ጨምሩበት። በዳዩን ፈልጋችሁ ለመፍረድ አይሁን፤ ዳውላውን ከመደብደብ እንድትድኑ ነው እንጂ።