ለክፉ ቀን የተቀመጠ መብራት

ብልህ ገበሬ በጥጋብ ዘመን ጎተራውን አያራግፍም። ከምርቱ ጥቂቱን ለክፉ ቀን ያስቀምጣል። ኤሌክትሪክስ ጎተራ አለው ወይ? አዎን፣ አለው። ዛሬ የምናነበው ስለዚሁ ነው።

ኤሌክትሪክ እንደ እህል አይደለም። በሽቦው ውስጥ ተከማችቶ አይቆይም። የሚመነጨውና ሕዝቡ የሚጠቀምበት በየሰከንዱ እኩል መሆን አለበት። ፍላጎቱ ከበለጠ ማመንጫዎቹ ሸክም እንደ በዛበት በቅሎ ይሆናሉ። መሽከርከራቸው ይቀንሳል። ረዳት ካላገኙ አንዱ ይቆማል። የእሱም ሸክም በሌሎቹ ላይ ይወድቃል። እነሱም ተራ በተራ ይቆማሉ። በዚህ ዓይነት አገር በሙሉ በጥቂት ደቂቃ ሊጨልም ይችላል።

ስለዚህ በየአገሩ ተጠባባቂ ማመንጫዎች ይሠራሉ። አንዳንዱ በናፍጣ፣ አንዳንዱ በጋዝ፣ አንዳንዱም በውሃ ይንቀሳቀሳል። ስማቸው ከታወቀው አንዱን እስቲ እንመልከት።

ዲኖርዊግ ይባላል። የሚገኘው በብሪታንያ፣ በዌልስ፣ በተራራ ሆድ ውስጥ ነው። በዚያ ቦታ ቀድሞ ለቤት ክዳን የሚሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ ይፈለጥ ነበር። የድንጋዩ ሥራ በአገራችን አቆጣጠር በ1961 ዓ.ም. ተዘጋ። ኋላም ሠራተኞች ተራራውን ሰርስረው 16 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዋሻ ቆፈሩ። ማመንጫው በ1976 ዓ.ም. ተመረቀ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከላይ አንድ ሐይቅ፣ ከታች ሌላ ሐይቅ አለ። ሌሊት ብዙ ሰው ሲተኛ ኤሌክትሪክ ይተርፋል። በዚያ ትርፍ ውሃው ከታችኛው ሐይቅ ወደ ላይኛው ይገፋል። ጎተራው ሞላ ማለት ነው። ችግር ሲመጣ ውሃው ይለቀቃል። ቁልቁል እየተምዘገዘገ 6 ተርባይኖችን ያሽከረክራል። ጉልበታቸው በድምሩ 1,728 ሜጋ ዋት ነው። ይህ ባለ 100 ዋት አምፖል ከ17 ሚሊዮን በላይ ያበራል።

«ውሃውን ወደ ላይ ለመግፋት የሚወጣው ኤሌክትሪክ ሲወርድ ከሚገኘው አይበልጥም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ይበልጣል። አራት እጅ ወስዶ የሚመልሰው ሦስት እጅ ያህል ነው። ጥቅሙ ግን በፍጥነቱ ነው። የቀዘቀዘ የድንጋይ ከሰል ማመንጫ ተነሥቶ እስኪሠራ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ዲኖርዊግ ግን ተዘጋጅቶ ሲጠብቅ ከቆየ ሙሉ ኃይሉን ለመስጠት 16 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። እስቲ ከአንድ እስከ አሥራ ስድስት ቁጠሩ። ቆጥራችሁ ሳትጨርሱ መብራቱ ደረሰ ማለት ነው።

ይህን ያህል ጥድፊያ ለምን ያስፈልጋል? በ1982 ዓ.ም. እንግሊዝና ምዕራብ ጀርመን በዓለም ዋንጫ ተጋጠሙ። ጨዋታው በፍጹም ቅጣት ምት አለቀ። ያን ጊዜ በብሪታንያ ሕዝቡ ከቴሌቪዥኑ ተነሥቶ በአንድ ጊዜ ሻይ አፈላ። የኤሌክትሪክ ፍላጎቱ በቅጽበት 2,800 ሜጋ ዋት ጨመረ። ይህ አስቀድሞ ይገመታል። መብረቅና ብልሽት ግን ቀጠሮ የላቸውም።

ነሐሴ 3 ቀን 2011 ዓ.ም. በዚያው በብሪታንያ መብረቅ የኤሌክትሪክ መስመር መታ። ወዲያው አንድ ትልቅ የባሕር ላይ የነፋስ ማመንጫና አንድ የጋዝ ማመንጫ ኃይላቸው ተቋረጠ። አነስተኛ ማመንጫዎችም ተከተሉ። በዚያ ሰዓት የተዘጋጀው መጠባበቂያ 1,000 ሜጋ ዋት ያህል ነበር። የጎደለው ግን ከዚያ በለጠ። ተጠባባቂዎቹ ተነሡ፤ አልበቃም። አገሩ ሁሉ እንዳይጨልም መሣሪያዎቹ ራሳቸው አንድ ሚሊዮን ያህል ደንበኞችን ከመስመሩ ቆረጡ። መብራቱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰ። ቢሆንም ባቡሮች በየመንገዱ ቆመው ሰው ለሰዓታት ተጉላላ። አንድ ሆስፒታልም የራሱ መጠባበቂያ በከፊል ስላልሠራለት ተቸገረ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ መጠባበቂያ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ መጠኑ ሊመጣ ከሚችለው ችግር ጋር መመዛዘን አለበት። ሁለተኛ፣ መጠባበቂያ መፈተሽ አለበት። ቆሞ የሚውል ሞተር ገንዘብ ይበላል። በደህና ቀን «ለምን ይቀመጣል?» ያሰኛል። መልሱን የምናገኘው በክፉ ቀን ነው።

የእኛም አገር ኤሌክትሪክ በብዛት የሚገኘው ከውሃ ነው። ዝናም ሲያጥር የግድቡ ውሃ ይቀንሳል። በቃሊቲ፣ በድሬዳዋና በአዋሽ ሰባት ኪሎ የናፍጣ ማመንጫዎች ለመጠባበቂያ የተተከሉት አለምክንያት አይደለም።

በየቀበሌያችንም ይኸው ነው። ጤና ጣቢያው ጄኔሬተር ካለው፣ ናፍጣ አለው ወይ? ባትሪውስ ይሠራል? መጨረሻ የተሞከረው መቼ ነው? ምጥ የያዛት እናት በሌሊት ከመድረሷ በፊት መጠየቅ ይሻላል።

የቃላት ፍች
ተርባይን፦ ውሃ ወይም እንፋሎት የሚያሽከረክረው መዘውር።
ሜጋ ዋት፦ አንድ ሚሊዮን ዋት።
መጠባበቂያ፦ ለችግር ጊዜ ተዘጋጅቶ የሚቀመጥ።

ጥያቄዎች
1. ዲኖርዊግ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው መቼ ነው? ለምን?
2. በ2011 ዓ.ም. መጠባበቂያው ለምን አልበቃም?
3. በአካባቢያችሁ መብራት ቢጠፋ ቀድሞ የሚቸገረው ማን ነው? ተወያዩበት።