ከዐይን ስለ ተሰወረው ላስቲክ

ያረጀ የስፖርት አውቶሞቢል ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ፥ ገንዘቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈሰው ለቀለሙና ለወንበሩ ቆዳ ነው። ነገር ግን የነጂውን ነፍስ የሚጠብቀው ከሥር የተሰወረው ላስቲክና መጋጠሚያ ስለ ኾነ፥ ዛሬ ስለዚሁ ጥቂት ቃል ልንናገር ወደድን።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1961 ዓ.ም. በጄኔቭ ለሕዝብ የታየውን የእንግሊዝ ሥራ፥ ጃጓር ኢ ታይፕን እንመልከት። የኋላ እግሩ በብረት ክፈፍ ውስጥ ተሰብስቦ፥ ክፈፉ በ4 የላስቲክ ማረፊያዎች ከአካሉ ጋራ ይያያዛል። ወደ ፊት የተዘረጉት ክንዶችም ጫፋቸው በላስቲክ ጎሚኒ የታሰረ ነው። ከኹሉ የሚበልጠው ግን፥ ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ ራሱ እንደ ላይኛ ክንድ ኾኖ ጎማውን መያዙ ነው። ስለዚህ በዘንጉ ጫፍና ጫፍ ያለው ክሮቸራ ሲላላ፥ ድምፅ ማሰማት ብቻ ሳይኾን የጎማውን አቋቋም ያዛባል።

ላስቲክ በዘመን ብዛት፥ በሙቀትና በዘይት ይሰነጠቃል። ነዳጅ ሲሰጡት ወይም እግር ሲያነሡ የኋላው ወደ ጎን ቢስብ፥ ሲነሣም የመንኳኳት ድምፅ ቢሰማ፥ መመርመር ይገባል።

አውቶሞቢሉን በደልዳላ ስፍራ በክሪክ ካነሡ በኋላ በጽኑ የብረት መቆሚያ ላይ ያሳርፉት፤ በክሪክ ብቻ ከተነሣ አውቶሞቢል ሥር መግባት ሞትን መጥራት ነው። ከዚያም ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁት፤ የተላላው መጋጠሚያ ራሱን ይገልጣል። ሲለወጥም ግራና ቀኙ ባንድነት ይለወጥ፤ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ቢኾን አካሄዱ አይስተካከልም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመጨረሻው ነው። የጎሚኒው ቡሎን ፈጽሞ የሚጠብቀው አውቶሞቢሉ በጎማው ቆሞ ክብደቱን ከተሸከመ በኋላ ነው፤ ተንጠልጥሎ ሳለ ቢጠብቅ፥ ላስቲኩ እንደ ተጠማዘዘ ኖሮ ፈጥኖ ይቀደዳል። የጎማው አቋቋም ተለክቶ ቢዛባ፥ በዘንጉና በፍሬኑ ዲስክ መካከል በሚገቡት ስስ ብረቶች ይታረማል።

እንግዲህ የቤተ ሰብ አባት የኾነ ኹሉ፥ ለልጁ ቁልፉን ከመስጠቱ አስቀድሞ ከአውቶሞቢሉ ሥር አብሮት ይመልከት። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ እንዲሉ፥ ውበቱ ከላይ ቢታይም ደኅንነቱ የሚጠበቀው ከታች ነውና።