ፈጣን የኢንተርኔት ቼዝ

ፈጣን የኢንተርኔት ቼዝ ሁለት ተጫዋቾች በኮምፒውተር አማካይነት በአጭር የጊዜ ገደብ የሚጫወቱት ቼዝ ነው። በዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን (ፊዴ) ደንብ መሠረት ለእያንዳንዱ ተጫዋች ከ10 ደቂቃ በላይና ከ60 ደቂቃ በታች የሚሰጥበት ጨዋታ «ራፒድ» ሲባል፣ 10 ደቂቃ ወይም ከዚያ በታች የሚሰጥበት ደግሞ «ብሊትዝ» ይባላል። በኢንተርኔት «ቡሌት» (ጥይት) የሚባል ከዚህም ያጠረ ዓይነት አለ፤ በዚህኛው ብዙ ጊዜ ለአንድ ተጫዋች የሚደርሰው 1 ደቂቃ ብቻ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

አመጣጥ

ዛሬ በሰፊው ከሚታወቁት የኢንተርኔት መጫወቻዎች መካከል ቼስ ዶት ኮም በ2007፣ በነጻ የሚያገለግለው ሊቼስ ደግሞ በ2010 ተጀመሩ። ፈጣን ጨዋታ ግን ለረጅም ጊዜ ከመደበኛው ቼዝ በታች ይታይ ነበር። በ2018 በለንደን በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ማግነስ ካርልሰንና ፋቢያኖ ካሩዋና 12ቱንም መደበኛ ጨዋታዎች አቻ ወጡ። አሸናፊው የታወቀው በራፒድ ሲሆን ካርልሰን 3 ለ 0 ረታ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ነው። በመጋቢት ወር 2020 በሩሲያ የካተሪንበርግ ከተማ ይካሄድ የነበረው የእጩዎች ውድድር በመካከሉ ተቋረጠ። በቀጣዩ ወር ካርልሰን በስሙ የተሰየመ፣ 250,000 ዶላር ሽልማት ያለው የራፒድ ውድድር በኢንተርኔት ተጀመረ። በፍጻሜው ካርልሰን አሜሪካዊውን ሂካሩ ናካሙራን አሸነፈ። ናካሙራ የራሱን ጨዋታ እየተጫወተ ለተመልካች በቀጥታ የሚያስረዳ በመሆኑም ከታወቁት አንዱ ነው።

ተመልካች ለምን ይወደዋል?

በ2021 በዱባይ የዓለም ሻምፒዮና ካርልሰንና ኢያን ኔፖምኒያሺ ያደረጉት 6ኛው ጨዋታ 136 እርምጃና ከ7 ሰዓት በላይ ፈጅቷል። እንዲህ ያለውን ጨዋታ ለመከታተል ትዕግሥትም እውቀትም ያስፈልጋል። በብሊትዝ ግን ቼዝ በደንብ የማያውቅ ሰው እንኳ አንድ ነገር በግልጽ ያያል፤ እርሱም እያለቀ የሚሄደው ሰዓት ነው። የተሻለ ቦታ ይዞ የነበረ ተጫዋች ጊዜው ስላለቀበት ሊሸነፍ ይችላል።

ፍጥነት ብቻውን ግን ለዚህ ሁሉ ተወዳጅነት በቂ ምክንያት አይደለም። በስርጭቱ ላይ ከሰሌዳው ጎን ነጭና ጥቁር ዘንግ ይቆማል። ዘንጉ እንደ ስቶክፊሽ ያለ የቼዝ ፕሮግራም በሚሰጠው ግምት መሠረት የትኛው ተጫዋች እንደሚበልጥ ያሳያል። ሻምፒዮኑ ሲሳሳት ዘንጉ ወዲያው ያዘነብላል፤ ስህተቱን ጀማሪው ተመልካች ከተጫዋቾቹ ቀድሞ ያውቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ጥያቄ ተጋጣሚው በቀሩት ጥቂት ሰከንዶች ያየዋል ወይስ ያልፈዋል የሚለው ነው። የስርጭቱ ጉጉት በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ተመልካች የሚሳተፍበት ፈጣን ጨዋታ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ጨዋታው የሚጀመረው «ወረራ» በሚባለው ምዕራፍ ነበር። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሱ ነበር። ዙሪያውን የተቀመጡትም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ምክር ይሰጡ ነበር።

የመተማመን ችግር

ለሰንጠረዥ ተጫዋቾች በግልጽ የሚሰጥ ምክር የጨዋታው አካል ነበር። በኢንተርኔት ቼዝ ግን በስውር የሚመጣ ምክር ውድድሩን ያፈርሳል። ለተመልካቹ ዘንጉን የሚያንቀሳቅሰው ዓይነት ፕሮግራም በማንኛውም ተጫዋች ስልክ ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ከማንኛውም ሰው የበለጠም ይጫወታል። የጊዜው ማጠር ማጭበርበርን ያከብደዋል እንጂ አያስቀረውም፤ በወሳኝ ቅጽበት አንዲት ፍንጭ ብቻ ለታላቅ ተጫዋች ትበቃለችና።

ጥርጣሬው ወደ ፊት ለፊት ጨዋታም ተሻግሯል። በ2022 ካርልሰን በሃንስ ኒማን ከተሸነፈ በኋላ በሴንት ሉዊስ ይካሄድ ከነበረው የሲንክፊልድ ዋንጫ ራሱን አገለለ። ኒማን በወጣትነቱ በኢንተርኔት ማጭበርበሩን አምኖ፣ ፊት ለፊት በተጫወታቸው ጨዋታዎች ግን ፈጽሞ እንዳላጭበረበረ ተናገረ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ በኋላ በ2023 በስምምነት ተዘጋ።

አዘጋጆች ተጫዋቾችን ከአንድ በላይ በሆነ ካሜራ መከታተልን፣ እርምጃዎችንም ከፕሮግራም ምርጫ ጋር ማነጻጸርን ይጠቀማሉ። ሌላው መፍትሔ ተጫዋቾቹን አንድ አዳራሽ ውስጥ በኮምፒውተር ፊት ማስቀመጥ ነው። በ2025 በሳዑዲ ዓረቢያ ሪያድ በተካሄደው የኢ-ስፖርት የዓለም ዋንጫ ቼዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካተት የተደረገው እንዲሁ ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች 10 ደቂቃ ያለ ጭማሪ ሰከንድ ተሰጠ፤ ካርልሰን በፍጻሜው አሊሬዛ ፊሩዣን አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

አዳራሽ ግን ወጪ አለው። የኢንተርኔት ቼዝ ትልቁ ጥቅም በየትኛውም አገር ያለ ጎበዝ ተጫዋች ያለ ቪዛና ያለ አውሮፕላን ትኬት ከታላላቆቹ ጋር መግጠም መቻሉ ነበር። ወሳኝ ውድድሮች ወደ አዳራሽ በተመለሱ ቁጥር እምነቱ ይጠነክራል፤ ያ ክፍት በር ግን ይጠብባል።